ባዶዋ ጣት

ለወርክሾፑ ሠራተኞች፣ ለወዳጅ ዘመድና ለሚመለከተው ሁሉ። በመታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ኑሮውን አድርጎ የነበረው ቢጫ ሳሙና፣ ከወረቀቱ በወጣ በሦስተኛ ቀኑ፣ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በድንገት ከመካከላችን የተለየ መሆኑን የምንገልጸው በጥልቅ ሀዘን ነው። ሟቹ በአጭር ዕድሜው የአሥራ አራት ሰው ግራሶ ያለ ማጉረምረም ተሸክሟል። አስከሬኑ አልተገኘም። በስፍራው የተገኘው ጥቂት አረፋ ብቻ ነው።

ለቀስተኛው ወዲያው ተደባደበ።

በያጁ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ቁጣው ከብየዳ እሳቱ ቀድሞ የሚለኮስ ሰው፣ ሌባው ፍሬዘሩ ነው አለ። ማስረጃ ሲጠየቅ፣ ይኸው የፍሬዛ ማሽን ሠራተኛ ባለፈው ሳምንት የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ በብብቱ ይዞ ሲወጣ መታየቱን ጠቀሰ። ፍሬዘሩ ረጋ ብሎ፣ የበያጁን ፊት የመሰለ ነገር በሳሙና የሚስተካከል ቢሆን ኖሮ ከኪሱ ሙሉ ካርቶን እንደሚገዛለት ተናገረ። ቀልዱ ጥሩ ነበር። ዋጋው ግን አፍንጫ ሆነ። ቡጢው ሲያርፍ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ፤ ደሙ በፍሬዛው ጠረጴዛ ላይ ተረጨ። ፍሬዘሩ እየደማ ሞረድ አነሳ። በያጁ ወንበር አነሳ። ሊገላግሉ የገቡት ሁለት ሰዎች በስህተት እርስ በርስ ተማቱ፤ ከዚያ ስህተቱን ወደዱትና ቀጠሉ።

የወርክሾፑ አለቃ ጋሽ ዘጠኝ ከሻያቸው ቀና ሳይሉ፣ «ማሽን እንዳትመቱ» አሉ። ሰው እንዳትመቱ አላሉም። ድብድቡ አፍሮ ቆመ።

ሌባዋ ይህን ሁሉ ቶርኖዋ አጠገብ ቆማ ታይ ነበር፤ ቶርኖ ማለት ብረት በመንጋጋው ነክሶ እያዞረ በቢላ የሚልጥ ማሽን ነው። የበያጁ ታናሽ እህት ናት። እናትና አባት የሆናት እሱ ነው። እናቷ ያወጡላት ስም አላት፤ እዚህ ግን አንዲት የሚሊ ሜትር መቶኛ በሳተች ቀን ምሳ ስለማይወርድላት «ሚሊ» ነው የሚሏት። ሁለት ዓመት ተለማማጅ ሆናለች። በዚያች ሰኞ ግራ እጇን ቱታዋ ኪስ ውስጥ ቀብራለች። የቀለበት ጣቷ አንጓው ላይ ተልጦ አብጧል። ከገንዳው ኋላ ቆማ፣ ሳሙናውን እስኪያልቅ ጣቷ ላይ አሽታ፣ ጥርሷን ነክሳ ያወለቀችው የወርቅ ቀለበት በጡት መያዣዋ ውስጥ ይሞቃታል።

ወንድሟ የተላጠ ጡጫውን በውሃ ብቻ ሲያጥብ አየችው። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከጣቷ የሳሙናው ሽታ መጣባት፤ ከሳሙናው ጋርም እሑድ መጣ። ደስታዋ ከሐፍረቷ ስለበለጠ ይበልጥ አፈረች።

*

ቀለበቱን ያደረገላት የወርክሾፑ ባለቤት ልጅ ነው። ፎቅ ላይ በመስታወት ክፍል ተቀምጦ ብረት በወረቀት ላይ የሚስል፣ ብረት ግን ነክቶ የማያውቅ ኢንጂነር። ሰውየው መልከ መልካም፣ ደግና ጨዋ ነው፤ አንድ የማይድን በሽታ ብቻ አለበት። ያብራራል። «እንዴት አደርክ» ለሚለው ሰው መልሱን ሦስት ቦታ ከፍሎ፣ ማጠቃለያ ጨምሮበት ይሰጣል። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ሰላምታውን በእጅ ብቻ ማድረግ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

የተዋወቁት ከስምንት ወር በፊት ነበር። እሱ የሣለው የማሽን ዕቃ ሥዕል ወደ ታች ወረደ፤ እሷ ሥዕሉን ይዛ ወደ ላይ ወጣች።

«ይሄ ከገባ አይወጣም። ከወጣም መጀመሪያውኑ አልገባም» አለችው።

ሃያ ደቂቃ አብራራላት። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ በሥዕሉ መሠረት የሠራቻቸውን ሁለት ብረቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «አስገባው» አለች። ታገለ፣ አላበው፣ አልገባም። ልቡ ግን በዚያች ደቂቃ ገባ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ከፎቅ የሚወርደው ሥዕል ሁሉ ጀርባው ላይ ደብዳቤ ነበረበት። ደብዳቤዎቹ በቁጥር የተከፋፈሉ ናቸው። «አንድ፦ ስለ ዓይኖችሽ። አንድ ነጥብ አንድ፦ የግራው። አንድ ነጥብ ሁለት፦ የቀኙ (የግራውን ይመልከቱ)።» እሷ ቢላ በሚጠቀለልበት የዘይት ወረቀት ላይ ባንዲት መስመር ትመልስ ነበር፦ «ደርሶኛል። የግራው ትንሽ ይበልጣል።» ወረቀቷን ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይውላል፤ ሸሚዙ በዘይት እየተበላሸ የቤት ሠራተኛዋ ትማረራለች።

በመካከላቸው የቆመው አጥር ሁለት ሰው ነበር። አንደኛዋ እናቱ ናቸው፤ የተጠረገ ወንበር በመሐረባቸው ደግመው ካልጠረጉ የማይቀመጡ። ሁለተኛው ወንድሟ ነው፤ የሀብታም ልጅ እህቴን ጠጋ ካለ ከግቢው በር ጋር እበይደዋለሁ ያለ። ሲናገርም መበየጃውን ይዞ ነበር።

እሑድ ዕለት ግን ኢንጂነሩ ቆረጠ። የሴት አያቱን ቀለበት ከእናቱ ሣጥን ሳያስፈቅድ አውጥቶ፣ መጠኑን በዓይኑ ገምቶ፣ በግድ ገፍቶ ጣቷ ላይ አስገባው። ሐሙስ የሙያ ፈተናዋ ቀን ነው፤ ያን ዕለት አባትና እናቴን ወደ ማሽንሽ አመጣቸዋለሁ፤ ቀለበቱን ጣትሽ ላይ ሲያዩ የሚሉት ያጣሉ አላት። እሷ «ማሽን ላይ እኮ...» ብላ ነበር። እሱ ግን ስለ ወርቁ ጥራት ማብራራት ጀምሯል። ሲጨርስ መሽቶ ነበር፤ በማግስቱም ለሥራ ከከተማ ወጣ።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት፣ ሳሙናውን ከቀበረች በኋላ፣ ፎቅ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ አንዲት መስመር ትታለት ወረደች። «ቀለበቱን አውልቄዋለሁ። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።» ጽፋ ስትጨርስ ልቧ ቀለለ። የሚያውቃትን ሰው ስለምትወድ ማብራራት አላስፈለጋትም።

*

ጋሽ ዘጠኝ የተላጠች ጣቷን በዚያው ሰኞ አይተዋታል። ምንም አልጠየቁም። እሳቸው ራሳቸው ሲጠየቁ አይወዱም።

የግራ እጃቸው ጣቶች አራት ናቸው። የጎደለችው ከትንሿ ቀጥሎ ያለችው ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዲስ የገባ ተለማማጅ ሁሉ፣ ጋሼ ጣትዎን ምን አገኘው ይላል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሳቸው «አልናገርም» ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ውሻ ነው የሚሉ አሉ። ሚስታቸው ናት የሚሉም አሉ፤ እነዚህ ሁለተኞቹ ወደ እውነቱ ቀረብ ይላሉ፣ ሴትየዋ ግን ጥፋት የለባቸውም።

የዚያን ዕለት ለሚሊ የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሽኑ ከሐሙስ ጀምሮ በስምሽ ነው፤ ከተሠራው ዕቃ ይልቅ የምፈትነው አያያዝሽን ነው። ማሽንሽ ሰው ከነከሰ፣ የማንም ይሁን የማን ሌላ እጅ ከገባበት፣ ጥያቄ የለም፣ በዚያው በር ትወጫለሽ አሏት። ሕጉን ያወጡት ባለቤቱ ናቸው፤ ከሷ በፊት የነበሩት ሁለት ተለማማጆች በዚሁ ሕግ ወጥተው አንዱ አሁን መንገድ ዳር ጫማ ይሰፋል።

«ገብቶኛል ጋሼ» አለች።

«እጅሽን ቅባት ቀቢው» አሉ።

በዚያች ቃል ውስጥ ያለው ርኅራኄ ካልጠበቀችው ቦታ ስለመጣ፣ ዞር ብላ ብረቷን የምትመርጥ መስላ ቆየች።

*

ሐሙስ ጠዋት ኢንጂነሩ ተመልሶ ወረቀቷን አገኘ። አሥራ አንድ ጊዜ አነበበው። ለምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ወለል ጠራጊዋ እንኳ፣ የሚዞር ማሽን ቀለበት ያጠለቀ እጅ ካገኘ ቀለበቱን ከነጣቱ እንደሚወስድ ታውቃለች። እሱ ግን ምክንያት ፍለጋ ወደ ራሱ ዓለም ሄደ። ሀብታችንን ፈርታ ነው። ወንድሟ ዝቶባት ነው። ሌላ ሰው አለ። ማን? ፍሬዘሩ? ግን ፍሬዘሩ አፍንጫው ተሰብሯል። ታዲያ በማን ምክንያት ተሰበረ? ያልተሰጠውን ማብራሪያ ራሱ ሠርቶ ጨረሰው፤ ሲጨርስ የተካደ ሰው ሆነ።

ወላጆቹ ግን ደርሰዋል። እናቱ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው በብረት ፍቅፋቂው መካከል እየዘለሉ መጡ። ሚሊ ቶርኖዋ ላይ ጎንበስ ብላለች። ማሽኑ ያጓራል፤ ትኩስ ፍቅፋቂ እንደ ጥይት ቱታዋን ይመታል። እናቱ ጥቁር ዘይት የጠጡትን አሥር ጣቶቿን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ይቺ ናት?» አሉ፤ ገበያ ላይ የተጨፈለቀ ቲማቲም እንደሚያነሱ ዓይነት። «ጣቷ ላይ ታያላችሁ ያልከው ነገር የታለ?»

መልስ አልጠበቁም። ጩኸቱ ራሳቸውን ስላመማቸው ባላቸውን ይዘው ለምሳ ወጡ፤ ለፈተናው ስምንት ሰዓት ሲሆን ይመለሳሉ።

ልጃቸው ወደ ሚሊ ጆሮ ዝቅ ብሎ፣ «ቀለበቱስ?» አለ። ቢላው ብረቱን እየበላ ነው፤ ዓይኗን ብታነሳ ይሰብራል። ሳታነሳ፣ «ሂድ። አሁን አይሆንም» አለችው። እሷ ያለችው አሁን አይሆንም ነው። እሱ የሰማው ሂድ የምትለዋን ብቻ ነው።

«ቀለበት» የምትለዋን ቃል ግን ከሁለት ማሽን ወዲያ ሌላ ሰው ሰምቷል። የጸብ ጆሮ በጩኸት መካከል ጥሩ ይሰማል። በያጁ የብየዳ መከላከያውን ግንባሩ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣና ኢንጂነሩን አንገትጌው ላይ ይዞ ከመሬት አነሳው፤ ከመሣሪያ ቁም ሣጥኑ ጋር አላተመው። የኢንጂነሩ ጭንቅላት ብረቱን እንደ ደወል አስጮኸው፤ እግሮቹ አየር ላይ ቀሩ።

የምን ቀለበት፣ የማን ቀለበት ይል ነበር በያጁ፣ በእያንዳንዷ ቃል አንድ ጊዜ እያላተመ። ኢንጂነሩ በሕይወቱ ማብራሪያ አጥቶ አያውቅም፤ አሁን ያጣው አየር ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ልቀቀው። የኔ ጉዳይ ነው» አለች ሚሊ፤ ማሽኗን አጥፍታ።

በያጁ ለቀቀው። የተነሳ ቡጢ ግን ባዶውን አይመለስምና ቁም ሣጥኑ ላይ አሳረፈው፤ በሩ ላይ ሽሮ ሊቀርብበት የሚችል ጎድጓዳ ተሠራ። ከዚያ የእህቱን ግራ እጅ ያዘ። የተላጠችዋን ጣት አየ፤ ቀስ ብሎ የራሱን የተላጠ ጡጫ አየ።

«ሳሙናው...» አለ።

 በሳሙና ምክንያት ሰው የደበደበ ግዙፍ ሰው፣ ነገር እንደ ተደበቀበት ሕፃን ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ፊቱን አዙሮ ወጣ። ሚሊ ከቡጢ በላይ የሚያም ነገር መኖሩን አወቀች።

*

ስድስት ተኩል ሲሆን ወርክሾፑ ለምሳ ባዶ ሆነ። ሚሊ ቀርታ የመጨረሻውን ሥራ ጀመረች፤ ለፈተናው ዘንግ ጥርስ ማውጣት፣ ማለትም ጫፉ ላይ እንደ ቡሎን መጥለቂያ ያለ ጠመዝማዛ መስመር መቅረጽ። ይህ ከሥራው ሁሉ ክፉው ነው። ማሽኑ ቢላውን ራሱ እየጎተተ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መልቀቂያውን እጀታ በዚያችው ቅጽበት ማንሳት አለባት። ብትዘገይ ቢላው ከዘንጉ ትከሻ ጋር ይላተማል፤ ሁለቱም ይጠፋሉ። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ቢያጠፉትም እንደ ተቆጣ አማት ለጥቂት ጊዜ መሽከርከሩን አያቆምም።

ኢንጂነሩ መጣ። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ሦስት ነጥቦች እንዳሉት ተናገረና ከመጀመሪያው ጀመረ። እሷ፣ ትንሽ ቆይ አለችው። አልቆየም። በሁለተኛው ነጥብ ላይ መሳቢያዋን ከፈተ፤ እዚያ የማይክሮሜትሩ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ፣ በቀዩ የከፋይ ጨርቅ ላይ፣ ቀለበቱ ተጋድሟል።

«ከመሣሪያ ጋር ጣልሽው» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «የአያቴን ቀለበት ከብረት መለኪያ ጋር።»

«አሁን አትንካኝ። እየቆረጥኩ ነው።»

«ለኔም ይሆነኛል እንግዲህ» አለና በትንሿ ጣቱ ላይ ገፋው፤ ሁለተኛው አንጓ ላይ ሲደርስ ነክሶ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ከቢላው አፍ የሚወጣው ፍቅፋቂ መቆራረጡን ትቶ እንደ ጥብጣብ ይረዝም ጀመር፤ ሰማያዊ፣ ትኩስ፣ ጠርዙ ምላጭ። ተጠማዞ በዘንጉ ላይ ሊጠቀለል፣ የቀረጸችውን ጥርስ ሊያበላሽ ነው። ኢንጂነሩ አየው። የሁለት ዓመት ድካሟ መሆኑን ያውቃል። ያ ሰው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያብራራ አንድ ነገር አደረገ። እጁን ሰደደ።

ጥብጣቡ ቀለበቱን ያዘ።

ሚሊ ያየችው የጋሽ ዘጠኝን እጅ ነው። ቢላው የዘንጉ ትከሻ ጋ ሊደርስ ሁለት ጣት ቀርቶታል፤ ቀኝ እጇ መልቀቂያው ላይ ነው። ያንን ብታነሳ ዘንጉ ይድናል። ለቀቀችው። የመዳብ መዶሻውን አንስታ፣ በሙሉ ክንዷ፣ የምትወደውን ሰው ክንዱ ላይ መታችው።

አጥንቱ ሲሰበር ከማሽኑ በላይ ተሰማ። እጁ ወደ ታች ተወረወረ፤ ቀለበቱ ቆዳውን ከአንጓው እስከ ጥፍሩ እንደ ጓንት ገፎ ከጥብጣቡ ጋር ሄደ። በዚያው ቅጽበት ቢላው ከትከሻው ጋር ተላተመ፤ ዘንጉ ጎበጠ፣ ቢላው ተሰባበረ፣ አንዱ ስባሪ ጉንጯን ሰንጥቆ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ፍሬኑን በእግሯ ረገጠች። ማሽኑ ዞረ፣ ዞረ፣ እያጉረመረመ ቆመ።

ኢንጂነሩ ወለሉ ላይ፣ በዘይትና በደም መካከል ተቀምጧል።

«መታሽኝ» አለ። ሕመሙ ገና አልደረሰም፤ የደረሰው መገረሙ ብቻ ነው።

ፍቅፋቂውን በመቆንጠጫ በጥሳ ቀለበቱን አወጣችና ፊቱ ላይ ያዘችለት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጨራምቶ ለሁለት ተቆርጧል። የሱ ቆዳ ተንጠልጥሎበታል። ዕንባዋ ከጉንጯ ደም ጋር ወደ አገጯ ይወርዳል።

«ጣትህን ቁጠር» አለችው።

ከበሩ ጋ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር። ጋሽ ዘጠኝ ቀስ ብለው መጡ፣ በርከክ አሉ። የተገፈፈችውን እጅ በባለ አራት ጣት እጃቸው ያዙና ራሳቸው ቆጠሩ፤ አንዱን ሳይዘሉ፣ ሁለቱንም እጅ።

«አሥር» አሉ።

ኢንጂነሩ ሊያብራራ አፉን ከፈተ። ያኔ ነው የያዘውን እጅ ያየው፤ የትኛዋ ጣት እንደጎደለችም። ቀለበቱን አየ። ዓይኑ የሚሊ የተላጠች ጣት ላይ ደረሰ። ደረት ኪሱ ውስጥ ያለችዋ አንዲት መስመር፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተነብባ ያልገባችው፣ በአሥራ ሁለተኛው ገባችው። አፉን ዘጋ። የክንዱ ሕመም የደረሰውም ያን ጊዜ ነው፤ ግን ከዘገየው ከሌላው ሕመም አይብስም ነበር።

*

«አለቀ» አለች ሚሊ፤ የጎበጠውን ዘንግ ፈትታ ወለሉ ላይ ጣለችው።

ጋሽ ዘጠኝ ሰዓቱን አዩ። ከመደርደሪያው አዲስ ብረት አውርደው ማሽኗ ላይ አኖሩ። አንድ ሰዓት ከሩብ አለሽ፣ ቢላ አዲስ አምጪ አሏት። ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ።

«እዚህ ለሆነው ነገር ሁለት እውነት አለ» አሉ። «ማሽኗ ውስጥ እጅ ገባ ካልክ በአባትህ ሕግ ትባረራለች። በመዶሻ መታችኝ ካልክ በናትህ ስልክ ትታሰራለች። ሁለቱም ይበሏታል።»

ቆዳ የተገፈፈባትን ጣት በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉ፤ ክንዱን በእንጨት ማስመሪያ ደግፈው አሰሩ፤ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። ሐኪም ቤት ልውሰድህ አሉት። ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ሆኖ በግቢው ካለፈ ይጠየቃል፤ ከተጠየቀ ፈተናው ይቆማል። የተቆረጠውን ቀለበት በጤነኛ እጁ ጨብጦ፣ ሄዶ ጎድጓዳ ከሆነው ቁም ሣጥን ኋላ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ዘጠኝ በሩን ከውጭ ቆልፈው፣ ፈተና ነው ማንም አይገባም ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

አንድ ሰዓት ከሩብ። ማሽኑ ባጓራ ቁጥር አጥንቱ ውስጥ ያጓራል። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ሰላምታን በሦስት የሚከፍለው ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ጥርሱ ሲፋጭ ብቻ ይሰማል።

ዝምታው ሚሊን አናገራት። ዓይኗን ከቢላው ሳታነሳ፣ ለብረቱ የምታወራ ይመስል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችው።

«ማይክሮሜትሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኩት። ከፋዩን ለቀለበቱ ለቅቄ። መሣሪያ ከአልጋው አውጥቼ አላውቅም። ለማንም።»

አንዴ፣ መልቀቂያውን በሰዓቱ ካነሳች በኋላ፣ ቀና አለች። እሱ ያያታል። በዚያ ዕይታ ውስጥ አንድም ነጥብ፣ አንድም ቁጥር አልነበረም። የመታችው እጇ በድንገት ከበዳት፤ ወዲያው ደግሞ ቀለላት።

*

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ባለቤቱ፣ ሚስታቸው፣ ከኋላቸው ሠራተኛው ሁሉ፤ ፍሬዘሩ አፍንጫው ላይ ፋሻ አድርጎ፣ በያጁ ከሁሉ ኋላ አቀርቅሮ። ጋሽ ዘጠኝ ዘንጉን ለኩ። ደግመው ለኩ። ከዚያ መፈተሻውን ቀለበት፣ ውስጡ ጥርስ ያለውን ወፍራም ብረት፣ ጫፉ ላይ አሳረፉና በአንድ ጣት ገፉት። እየዞረ ገባ። መልሰው አዞሩት።

«ገባ። ወጣም» አሉ። «አልፋለች።»

ባለቤቱ ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። ሚሊ ወረቀቱን ስትቀበል ከሰዎቹ ጀርባ አንድ ነገር ሣጥን ላይ ተንኳኳ፤ ኢንጂነሩ ሊነሳ ሲሞክር ነው። ፊቱ አመድ ሆኗል። ኮቱ ከትከሻው ወደቀ።

እናቱ ማስመሪያውን አዩ፤ በደም የራሰውን ጨርቅ አዩ። ቀጥሎ የጎደጎደውን ቁም ሣጥን፣ ቀጥሎ የበያጁን ጡጫ።

«እሱ ነው» አሉ። ድምፃቸው ጸጥ ያለ ነበር፤ ጸጥታው ከጩኸት ይከፋል። «ይሄ አውሬ ነው። ፖሊስ ጥሩልኝ።»

በያጁ ቀና አለ። እህቱን አየ፤ ጉንጯ ላይ ያለውን ቁስል፣ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት። የማያውቀውን ነገር ለመሸከም ሁለቱን እጆቹን ወደፊት ዘረጋ።

«እማዬ፣ እሱ አልሰበረኝም» አለ ኢንጂነሩ።

ታዲያ ማሽን ነው ወይ አሉ አባቱ፤ ማሽን ከሆነ የማን ማሽን እንደሆነ ይታወቃል፣ የተፈረመውም ይቀደዳል። ዓይናቸው ወደ ሚሊ ሄደ። እናቱ በበኩላቸው የተዘጋውን ጤነኛ እጁን ይዘው ከፈቱት፤ መዳፉ ላይ የተጨራመተውን ወርቅ አነሱ።

«የናቴ ቀለበት» አሉ። «ልጄ፣ ምን አድርገውህ ነው? ሁሉንም ንገረኝ። ከመጀመሪያው።»

ሚሊ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። ልትናገር ነበር፤ ፊቷ ላይ ይነበባል። ኢንጂነሩ አያት፤ አንዴ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ። ቆመች።

ከዚያ ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰ። ሠራተኛው ያንን ትንፋሽ ስለሚያውቀው ግማሹ ወንበር ፈለገ፤ ዘበኛው ማምለጫ በር አየ። ጋሽ ዘጠኝ ብቻ ባለ አራት ጣት እጃቸውን ቱታቸው ላይ እየጠረጉ ወለሉን ይመለከታሉ።

«አልናገርም» አለ።